ከጣሊያን የተላኩ ሽማግሌዎች

ሦስት ሽማግሌዎች ልጄን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ፣ ከሦስቱ ሙሽራው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ያውም ሳላገኘው። ሦስቱም ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ አንዷ ደግሞ ሴት። አንባቢ ሆይ፣ ለመሳቅ አትቸኩል። ነገሩን ከሥር ከሥሩ ልንገርህና ከዚያ በእኔም በእነሱም እንደልብህ ሳቅ።

እንድሪስ እባላለሁ፤ መካነ ሰላም ውስጥ ሱቅ አለኝ። ፊደል የቆጠርሁት ግማሹን መድረሳ፣ ግማሹን ገበያ ነው። ከትምህርት ቤት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ በስምምነት ተለያየን፤ እሱም አልፈለገኝ፣ እኔም አልናፈቀኝም። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ሰሞን ሱቄ ዕቃ ሞልቶት ገዢ ያጣ ነበር። የአካባቢው ወጣት ግማሹ ጅዳ፣ ግማሹ ሪያድ ነው፤ የቀረው ደግሞ ፓስፖርቱን እየጠበቀ መንገድ ዳር ይቆማል። ብሩ በስልክ ይገባል፤ ብሩን ይዞ ሱቅ የሚመጣው እግር ግን ባሕር ማዶ ነው። ቤት የቀሩት ሽማግሌና አሮጊት ከየአፋፉ ተነሥተው እኔ ዘንድ እስኪደርሱ ምን ሊገዙ እንደወጡ ይረሱታል። እኔም ባንኮኒዬን ተደግፌ ዝንብ እሽ እል ነበር።

አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ ሰአዳ። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት መልስ ከጎኔ ተቀምጣ ትሸጥ ነበር። ከዚያ እንደ ጓደኞቿ ቤይሩት ሄደች። የአሠሪዋ እናት ጣሊያናዊት ነበሩና፣ አሮጊቷን እንድትጦር ወረቀቷን አሟልተው ጣሊያን አገር ወሰዷት፤ ተራራ ጫፍ ላይ የተሰቀለች አንዲት መንደር። አሮጊቷ የሞቱ ጊዜ "አሁንማ ትመጣለች" ብዬ ሁለት ነገር አዘጋጀሁላት። አንደኛው፣ እሷ በላከችው ገንዘብ ዋናው መንገድ ላይ ያሠራሁት ሰማያዊ የብረት በር ያለው ሱቅ ነው። ሁለተኛው የወረኢሉ ከብት ነጋዴ ልጅ ነው። ሁለቱንም ሳላማክራት። ዕቃ ሳያሳይ ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ለልጅ ሲሆን ግን ሰው ሙያውን ይረሳል።

ይህን ልናበስራት ስንደውል እሷ ቀደመችን።

"እመጣለሁ አባ። ሰዎችም ይዤ ነው የምመጣው።"

"ምን ዓይነት ሰዎች?"

"ሽማግሌዎች።"

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ ትዝጋው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ሚስቴ ከድጃ "ነጭ ሊያገባት ነው" አለችና ባለችበት ቁጭ አለች። እኔ ደግሞ አየለን አስጠራሁ። አየለ ጎረቤቴ ነው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለው የቅሬያችንም ዳኛ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክል፣ ከቀብር የቀረውን የሚቀጣ፣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም እኩል የሚገላምጥ ሰው ነው።

"አያ እንድሪስ፣ አብሽር" አለኝ። "ሽማግሌ የላከ ሰው ጠለፋ አላሰበም ማለት ነው።"

"ሃይማኖቱስ?"

"ወሎ ላይ ቁጭ ብለህ ነው በሃይማኖት የምትጨነቅ? ያባትህ አባት ማን ይባሉ ነበር?"

ያባቴ አባት ገብረ መድኅን ነበር የሚባሉት።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ወራት፣ አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ከደሴ በመጣ ሚኒባስ አቧራ ለብሰው ወረዱ። ሰአዳ ፔንሲዮን አስገብታቸው ወደ ቤት መጣች። እናቷ እያለቀሰችም እየሳመችም "ማነው ልጄ? ንገሪኝ፣ ማነው?" አለቻት።

"እማ፣ ሽማግሌ ሳይናገር ልጅ አትናገርም። ነውር ነው ብላችሁ አይደል ያሳደጋችሁኝ?"

ጨዋ ልጅ ማሳደግ እንዲህ ያለ ጣጣ እንዳለው ማንም አልነገረን።

ጠዋት ከድጃ ሰላይ አድርጋ ላከችኝ። ሽማግሌዎቹ ቁርስ ከሚበሉበት ቤት ፊት ለፊት ጫማ የማስጠርግ መስዬ ተቀመጥሁ። አንዱ ሰውዬ ብሩኖ ይባላሉ፤ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ግዙፍ ሰው ናቸው። ፍርፍራቸውን እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ሲያነሡት አየሁና "እኒህ ናቸው" አልሁ። ሁለተኛው ኤሊዮ የሚባሉ ጎበጥ ያሉ፣ በዚያ ፀሐይ የሱፍ ቆብ ያደረጉ፣ እንጀራው በእጃቸው እንዳለ የሚያንቀላፉ ናቸው፤ እሳቸውን ሰረዝኋቸው። ሦስተኛዋ ሮዛልባ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ነጭ ጠጉራቸውን እንደ ወንድ ልጅ የተቆረጡ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ወደ እኔ ዞረው አዩኝና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ። ጫማዬ ሳይጠረግ ተነሥቼ ሄድሁ።

ከሰዓት በኋላ መጡ። እንግዲህ በእኛ አገር ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ደጅ ይቆማል። "ግቡ" ሲባል ይገባል፤ "ተቀመጡ" ሲባል ግን "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላል። እህል ውኃም አይቀምስም። እነዚህ ሦስቱ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከግቢው በር ፊት ተሰልፈው ቆሙ። ብሩኖ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በአማርኛ "ሽማግሌዎች ነን። ደጅ ልንጠና ነው የመጣን" አሉ። የአማርኛቸው መጀመሪያም መጨረሻም ይኸው ነበር። አስገባናቸው። ወንበር ሰጠናቸው። አልተቀመጡም።

አየለ በጆሮዬ "አሰልጥናቸዋለች" አለኝ።

አሁን ችግሩ አስተርጓሚ ሆነ። ሰአዳ ብቅ ስትል አየለ እጁን ዘረጋ። "ልጅቱ በራሷ ጉዳይ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም።"

"ታዲያ ማን ያስተርጉም?"

"ሁሴን መካኒኩ ጣሊያንኛ ያውቃል።"

"ሁሴን የሚያውቀው ካምቢዮና ፍሪሲዮን ነው።"

"ለትዳርም ያስፈልጋሉ እኮ።"

በመጨረሻ ከድጃ ፍርድ ሰጠች። ልጅቱ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ትሁን፤ ድምፅ አይታይም አለች። ስለዚህ የሰአዳን ጉዳይ የሰማነው ከሰአዳ ነው፣ በመጋረጃ።

ብሩኖ ረጅም ንግግር አደረጉ። እጃቸው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ተራራ ይሠራል፣ ቤት ይሠራል። ሲጨርሱ መጋረጃው "ልጃችሁን ፈልገን መጥተናል ይላሉ" አለ።

"ይህን ሁሉ ተናግረው ይህቺ ብቻ ናት?" አልሁ።

"ፍሬው እሱ ነው አባ።"

አየለ እንደ ደንቡ ጠየቀ። "ለማን ነው የጠየቃችኋት?"

ሦስቱ ተያዩ። ብሩኖ አጭር ነገር ተናገሩ። መጋረጃው ትንሽ አመነታ። "ለሁላችንም ነው ይላሉ።"

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ተሰበረ። ከድጃ "ያ ረቢ" ስትል ሰማሁ። አየለ ዕድሜውን ሙሉ ሽማግሌ ሆኖ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሮዛልባ ያኔ ገባቸው መሰለኝ፤ ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቃቸውን በመሐረባቸው አፍነው ይናገሩ ጀመር። እሳቸው እየተናገሩ ልጄ እግር በእግር ታስተረጉም ነበር፤ እንዲህ ነው ያሉት።

መንደሯ አርጅታለች። ልጆቻቸው ሚላኖ ናቸው፣ ጀርመን ናቸው። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ፣ ቀጥሎ ፖስታ ቤቱ። ባዶውን ቤት በነጻ እንስጥ ብለው አስነገሩ፤ የሚመጣው ፎቶ ያነሣል፣ ክረምቱን ያያል፣ ይሄዳል። የቀረው አንድ ሱቅ ነበር፤ ያቺ ሰአዳ የጦረቻቸው አሮጊት ሱቅ። አሮጊቷ አልጋ ከያዙ ወዲህ ሱቁን ክፍት ያቆየችው ልጄ ናት፤ እኔ ግን ገላ ስታጥብና ሾርባ ስታበስል ብቻ ነበር የማስባት። አሮጊቷ ሲሞቱ ሱቁ ለመንደሩ ተረፈ። መንደሩም ተሰብስቦ ሱቁን ለሰአዳ ልስጥ አለ። እሷ ግን "አባቴ ሳይፈቅድ አልቀመጥም፤ ባገሬ ደንብ ሽማግሌ ላኩ" አለቻቸው። ላኩ።

"ሙሽራው መንደሩ ነው ማለት ነው?" አለ አየለ።

"እንደዚያ ነው" አለ መጋረጃው።

ሮዛልባ ቀጠሉ። "ዳቦውን ከታች ከተማ በአውቶቡስ ማስመጣት ይቻላል። ሱቁን የምንፈልገው ለዳቦ ብቻ አይደለም። ሱቁ ሲከፈት ጠዋት ማን እንዳልመጣ እናውቃለን። ያልመጣውን ሰው ቤት ሰአዳ ታንኳኳለች።"

አየለ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲለሰልስ አየሁና ተናደድሁ፤ የእኔ ወገን መሆን ነበረበት።

"አሳማ ትሸጣለች?" አልሁ ድንገት።

መጋረጃው "አሳማውን የሚቆርጡት ጋሽ ኤሊዮ ናቸው። በየጠዋቱ የራሳቸውን ቢላዋና ሽርጥ ይዘው ይመጣሉ። እኔ በዚያ ሰዓት ደጅ እጠርጋለሁ። አንድም ቀን አልነካችውም ይላሉ" አለ።

"ማነው ያለው?"

"ጋሽ ኤሊዮ።"

"አፋቸውን አልከፈቱም እኮ።"

"ሊሉ ነበር" አለች ልጄ።

ከድጃ በጓዳው በር ብቅ ብላ በዓይኗ ጠራችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ የበጉ ወጥ ደርሷል። እኒያ ባለ ቆቡ ሽማግሌ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስኳር አለባቸው አለችኝ ሰአዳ። ቤቴ ውስጥ ቆመው ሊወድቁብኝ ነው። መልስ ስጣቸውና ይብሉ።"

እውነትም ኤሊዮ ዓይናቸውን የወጡ ሽታ ወደሚመጣበት አድርገው እንደ ዛፍ ይወዛወዙ ነበር። ግን ነጋዴ ሰው በሌላው ረኃብ አይቸኩልም። ዋናውን ጥያቄ ጠየቅሁ።

"ገዢው ስንት ነው?"

ብሩኖ ትልቁን ራሳቸውን አቀረቀሩ። "ጥቂት ነን" አሉ። "በየክረምቱም እንቀንሳለን። የሚጨምር የለም።"

ያኔ ልቤ ቆረጠ። እንደዚያ ያለውን ሱቅ ማን እንደ እኔ ያውቀዋል? በየቀኑ በሩን ከፍቼ የምገባበት ነው። ልጄን ከአንዱ ባዶ ባንኮኒ አስነሥቼ ሌላ ባዶ ባንኮኒ ላይ ላስቀምጣት ነው? እነዚህ ደጋግ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ይሄዳሉ፤ መጨረሻ ላይ እሷ ብቻዋን በሰው አገር ተራራ ላይ ትቀራለች።

"ንገሪያቸው" አልሁ። "እናንተ ጥሩ ሰዎች ናችሁ። ሱቃችሁ ግን ዛሬ ባይሞት ነገ ይሞታል። ልጄን ለሚሞት ሱቅ አልድርም። እምቢ ብያለሁ።"

ዓይኔን ወደ መጋረጃው መለስሁ። የእኔን እምቢታ በራሷ አፍ እንድታስተረጉም መፍረዴ ያኔ ነው የገባኝ፤ ግን ቃል ከወጣ ወጣ። ከዚያ ልጄ በጣሊያንኛ ተናገረች፤ ረጋ ብላ፣ ትንሽ ዘርዘር አድርጋ።

ብሩኖ ፈገግ አሉ። ሮዛልባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። ሦስቱም ተቀመጡ። ኤሊዮ ወጡ በየት በኩል እንደሚመጣ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተከሉ።

እምቢ የተባለ ሽማግሌ ሲያመሰግን አይቼ አላውቅም። አየለ ወደ እኔ ተጠጋ። "ምን ብላ ነው የነገረቻቸው?"

"እኔ ምን አውቄ? ሁሴንን ጥራው።"

ከድጃ አልጠበቀችም፤ ገበታው ቀረበ። ብሩኖ በሉ። ኤሊዮ ከብሩኖ የበለጠ በሉ። እኔ እንግዳዬን እያጎረስሁ፣ ምን እንደተስማማሁ ሳላውቅ፣ እንደ ተስማማ ሰው ፈገግ እያልሁ አመሸሁ። ሊወጡ ሲሉ ሮዛልባ ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ ከሰአዳ በደጅ የተማሯትን ቃል በጥንቃቄ አሉ። "ነገ። ገበያ።"

ማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ሱቄን ሳልከፍት ሦስቱም ደጃፉ ላይ ናቸው፤ ሰአዳም አብራቸው። እዚህ መጋረጃ የለም፤ ወደ ጥግ ጎተትኋት።

"ትናንት ምን አልሻቸው?"

"አባቴ ነገ ገበያውን አሳይቻችሁ፣ ከዚያ መልሴን እነግራችኋለሁ ብሏል አልኳቸው።"

"እንደዚያ አልሁ እኔ?"

"አባ፣ ስንት ዓመት አጠገብዎ ተቀምጬ ሸጥኩ። በመጀመሪያው ቃል የሸጡበትን ቀን አላየሁም። ገዢው ይጠራል፣ እርስዎ እምቢ ይላሉ፣ ከዚያ ነው ገበያው የሚጀመረው። ታዲያ ምን ብዬ ላስተርጉም? የልብዎን ነው የነገርኳቸው።"

ልጅን ሙያ ማስተማር ለካ ራስን ማስያዝ ነው።

አየለ መንገድ ላይ ተቀላቀለንና ገበያ ገባን። ሕዝቡ ከየቀበሌው ፈስሷል፤ ጤፉ፣ ባቄላው፣ በጉ፣ የላስቲክ ጫማው፣ ሽንኩርቱ። ፈረንጅ ያየ ሕፃን ሁሉ ይከተለናል፤ ብሩኖ የድንጋይ አጥሩን ሁሉ እየዳበሱ ያመሰግናሉ፣ ኤሊዮ የበግ ጥርስ ከፍተው ያያሉ፤ የበጉ ባለቤት "የሚገዙ ካልሆነ ጥርሱን ይዝጉለት" ይላል። ሮዛልባ አንዲት ጨውና ክር፣ መርፌና ሳሙና ሸራ ላይ የዘረጋች ሴት አጠገብ ቆሙ።

"የዚህች ሴት ሱቋ የት ነው?" አሉ በሰአዳ በኩል።

"ሱቅ የላትም" አልኋቸው። "ዛሬ እዚህ ናት። ነገ ከወንዙ ማዶ ሌላ ገበያ አለ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ዳገቱ ላይ። እያንዳንዱ ገበያ የራሱ ቀን አለው። እኔም በወጣትነቴ በሁለት አህያ ስዞር ነው ያደግሁ።"

"ለምን አንድ ቦታ አትቀመጥም?"

"አንድ ቦታ ያለው ሰው ብቻውን አይመግባትማ። ትንሽ ትንሽ ሰው ያለበትን ብዙ ቦታ ስትዞር ግን ትኖራለች። ሽማግሌው ዳገት መውጣት ሲያቅተው ገበያው ወደ እሱ ይወጣል።"

ይህን ስናገር የራሴ ጆሮ ሰማኝ። ሮዛልባም ቆመው ቀሩ። ተያየን፤ ሁለት ነጋዴ አንድ ዕቃ ላይ ዓይናቸውን የጣሉ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚተያዩት።

"በእናንተ ዙሪያ ስንት መንደር አለ?" አልኋቸው።

ሮዛልባ በጣታቸው እየቆጠሩ ስማቸውን ይጠሩ ጀመር። በየኮረብታው አንድ አንድ፣ ሁሉም ሱቁ የተዘጋ፣ ሁሉም አርጅቶ የተቀመጠ። የአንዱ ስም ሲነሣ ብሩኖ ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉ።

"ከእነሱ ጋር አንነጋገርም" አሉ።

"በምን ተጣላችሁ?"

"በግጦሽ። በአያቶቻችን ጊዜ።"

አየለ በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገባ። "እኛም ከማዶዎቹ ጋር በግጦሽ እንደተኳረፍን ነን። በገበያ ቀን ግን ማንም ማንንም አይነካም። ነገ መኳረፉን ይቀጥሉ፤ ዛሬ ጨው ይግዙ በያቸው።"

ከሴትዮዋ ሸራ ላይ ሳሙናዎች ተዋስሁና መሬት ላይ መደርደር ጀመርሁ፤ እያንዳንዱ ሳሙና አንድ መንደር። ይህ ማክሰኞ፣ ይህ ረቡዕ፣ ይህ ደግሞ ሐሙስ። ብሩኖ ቅዳሜ የእኛ መንደር ነው አሉ፤ ሮዛልባ አይ፣ ቅዳሜ ሰው ብዙ ላለበት ይሁን አሉ። ድምፅ ከፍ አለ። ሰው ከበበን። ነገሩን አየለ እያብራራ፣ የመካነ ሰላም ገበያተኛ አይቷቸው ስለማያውቃቸው የጣሊያን መንደሮች ቀን ይከራከር ገባ። አንድ ባለ ጋቢ ገበሬ "ያችን ዳገት ያለባትን ሐሙስ አድርጓት፤ ሰኞ ከባድ ነው፣ ሰው ከሰንበት ገና አልነቃም" አለ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ "የተጣሉትን ሁለቱን ጎን ለጎን አታድርጉ፤ በመሐል አንድ ቀን ይብረዱ" አለች። ባለሸራዋ ደግሞ "መንደራችሁን ጨርሳችሁ ሳሙናዬን መልሱልኝ" አለች።

"መኪናስ?" አልሁ። "ዕቃውን በአህያ አትዞሩ።"

ሮዛልባ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ የተማሪዎቹ መኪና ጋራዥ ውስጥ ቀርቷል፤ የሚጭነው ልጅ የለም፣ ሞተሩ ግን ደህና ነው አሉ።

"ማን ይነዳዋል?"

"እኔ" አለች ሰአዳ።

"መንጃ ፈቃድ አለሽ?"

"አለኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ስለ እሱ ጠይቀውኝ አያውቁም አባ።"

ከዚያ ተንበርክካ ሳሙናዎቹን ታስተካክል ጀመር። አንዱን ወደ ግራ ገፋች፣ ሁለቱን አቀያየረች፣ ዳቦ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ በረዶ የትኛውን መንገድ ቀድሞ እንደሚዘጋ ለራሷ እያጉተመተመች። ሰማያዊውን በር ያሠራሁላት ልጅ ይህቺ አልነበረችም። እዚያ በር ውስጥ ባስቀምጣት ዝንብ እሽ የምትል ሁለተኛ እንድሪስ ነበር የምሠራው።

ግን ደንብ ደንብ ነው። ቆምሁና "ያለ ዋስ ልጅ አይሰጥም" አልሁ። "ነገ ብትበደል የምይዘው ሰው ያስፈልገኛል። ዋሳችሁን ጥሩ።"

ሰአዳ አስተረጎመች፤ ይህን በትክክል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ዙሪያቸውን አዩ። በዚያ ሁሉ ገበያተኛ መሐል አንድም የሚያውቁት ሰው የለም። የብሩኖ ትልልቅ እጆች ቆባቸውን ያጨማድዱ ጀመር።

"እኔ ዋሳቸው ነኝ" አለ አየለ።

"የማታውቀውን አገር?"

"ጠዋት ማን እንዳልመጣ የሚያይ፣ የቀረውን ቤቱ ሄዶ የሚያንኳኳ መንደር፣ ቅሬ አለው ማለት ነው። ቅሬ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። ችግር ከመጣ እኔን ያዘኝ፤ ቤቴ አጥርህ ሥር ነው።"

ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል? "ልጄን ሰጥቻችኋለሁ" አልሁ። ከሽንኩርቱ ተራ የከድጃ እልልታ ተሰማ፤ ለካ ከኋላችን ተከትላ ኖሯል። ገበያው ተቀበላት። ኤሊዮ፣ ከመጡ ጀምሮ አንድ ቃል ያልተነፈሱት ሰው፣ አንገቴን አቅፈው በጣሊያንኛ አንድ ነገር አሉኝ። "ምን አሉ?" አልኋት ልጄን። "ቢላዬን በደንብ አጥባለሁ፣ አትስጋ ይላሉ" አለች። ያን ጊዜ እንኳ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም።

የወረኢሉው ሙሽራ ቀረብኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ሁለት ሰው አስከትዬ ሄድሁ። ከብት ነጋዴው ገና ሳልጀምር ላብ አጠመቀው፤ ልጁ በዚያ ሰሞን ለማንም ሳይናገር ጅዳ ገብቶ ኖሯል፣ እነሱም እንዴት እንንገራቸው እያሉ ሲጨነቁ ነበር። ተቃቅፈን ሳቅን። ትዳር ሳንፈጽም ዘመድ ሆነን ተለያየን።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ጣሊያንን ላድን አልተነሣሁም፤ ልጄን ላስቀር ነበር የተነሣሁት። ያቺ መንደር ትድናለች ወይ ብትለኝ አላውቅም። መኪና ስለዞረ ሽማግሌ ወጣት አይሆንም፤ የሄደም ልጅ አይመለስም። ሰአዳ እንደምትለኝ ግን በየቀኑ አንድ መንደር ላይ ጡሩምባዋን ስትነፋ በሮች ይከፈታሉ። ወደ ተኳረፉት መንደር በመጀመሪያው ቀን ብሩኖ አብረው ሄደው ነበር፤ ሰዎቹ መኪናውን ባዶ አስቀርተው ገዙ፣ ለብሩኖ ግን ሰላምታ አልሰጡም። በቅርቡ አንዱ ራሱን ነቅንቆላቸዋል አለችኝ። አየለ ይህን ሲሰማ እንደ ዋስነቱ ኮራ።

አንተም ልጅህ ከስደት ስትመለስ የምትገባበትን በር እያሠራህ ከሆነ፣ ብረቱን ከመቀባትህ በፊት ደውልላት። ሙያ ቀስማ ይሆናል፤ ሰው አግኝታ ይሆናል፤ አንተ ያላየኸውን ገበያ አይታ ይሆናል። ኔትወርኩ ቢቋረጥም መልሰህ ደውል።

እኔ ደግሞ ሰማያዊውን ሱቅ ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራየሁት። የራሴንም ባንኮኒ ሸጥሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሁለት አህያ ገዝቼ ገበያ ለገበያ እዞራለሁ፤ ከድጃ አብደሃል ትለኛለች፣ ስንቄን ግን እሷው ነች የምታስር። ባለፈው ወር አፋፍ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ገበያ ሸራዬን ዘርግቼ ሳለሁ፣ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ እየተደገፉ መጡ። ዕቃውን አንድ በአንድ አገላበጡ፣ ሁሉንም ናቁ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት መርፌ ገዙ። ከዚያ ቀና ብለው ቆጣ እንዳሉ "እስካሁን የት ነበርህ?" አሉኝ።

"ሽማግሌ እስኪላክብኝ ስጠብቅ ነው እማማ" አልኋቸው።

"ይበልህ" አሉና መርፌያቸውን ሻሻቸው ላይ ሰክተው ቁልቁል ሄዱ።